ቴሌ ሲከፈት፦ መንግሥት ከየት ወጣ፣ ከየትስ አልወጣም?

ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ መግለጫ አወጣ። በዚያ ሰሞን አገር ምድሩ የተነጋገረው ስለ ባድመ ነው። ኮሚቴው የአልጀርስን ስምምነት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለው በዚያው መግለጫ ነበርና። ሌላው ውሳኔ በዚህ ወሬ ተሸፈነ። ኢትዮ ቴሌኮም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል እና የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ድርሻቸው ለአገር ውስጥና ለውጭ ባለሀብት ይሸጣል ተባለ። አብላጫው ድርሻ ግን በመንግሥት እጅ ይቆያል። እነዚህ ለዓመታት አይነኬ ሲባሉ የኖሩ ድርጅቶች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የመንግሥት እጅ ይጠር ወይስ ይርዘም የሚለው ክርክር አልበረደም። አንዱ ወገን መንግሥት ነጋዴ መሆን የለበትም ይላል። ሌላው የሕዝብ ሀብት አይሸጥም ይላል። ምሳሌ አምጡ ሲባሉ አንዱ ቻይናን ይጠራል፣ ሌላው አሜሪካን። ግን ሩቅ መሄድ ለምን አስፈለገ? ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ጉዳይ አለን። ቴሌ። የመንግሥት ድርሻ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን፣ ሲቀንስ የሚመስለው ነገርም በእርግጥ ቀንሶ እንደሆነ፣ እዚሁ ቤታችን ተሞክሮ ታይቷል። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር እየጻፍኩ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምትታለበው ላም

ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት በብዙ ነገር ይለያያሉ። ስልክን ከእጃቸው ባለማውጣት ግን አንድ ናቸው። ሞባይል በ1991 ሲጀመርም ሻጩ ያው አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነበር።

ያንን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ሲም ካርድ ማግኘት ምን ያህል መከራ እንደነበር አይረሳም። ምዝገባ፣ ወረፋ፣ ከዚያ ደግሞ ተራ መጠበቅ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ደንበኛው ቢከፋውም መሄጃ አልነበረውም። ሌላ ሲም የሚሸጥ የለም።

በኅዳር 2003 የቀድሞው ኮርፖሬሽን ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም ተመሠረተ። አመራሩም ለሁለት ዓመት በኮንትራት ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። በ2005 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተፈረመ። ኔትወርኩ ሰፋ። ሲም ካርድ በየሱቁ መሸጥ ጀመረ። የመንግሥት ድርጅት ምንም አይሠራም የሚሉ ሰዎች ይህንን መዝለል የለባቸውም።

በዚያን ጊዜ ቴሌን ለምን አትከፍቱትም ተብለው ሲጠየቁ ባለሥልጣናቱ አንድ መልስ ነበራቸው። ቴሌ የምትታለብ ላም ናት። ወተቷ ለባቡር ሐዲድና ለመሳሰሉት ትልልቅ ሥራዎች ይውላል። የግል ኩባንያ ቢገባ ትርፉን ይዞ ይወጣል፣ ከተማውን ብቻ ያገለግላል፣ ገጠሩን ይተወዋል። የልማታዊ መንግሥት አስተሳሰብ ዋና መከራከሪያ ይህ ነበር።

ይህንን ክርክር በቀላሉ ማጣጣል አልፈልግም። አገሩ ድሃ ነው። ግብር የሚሰበሰበው በችግር ነው። ነጋዴውን ደረሰኝ እንዲቆርጥ ከመለማመጥ ይልቅ ካርድ ከሚሞላው ሰው ላይ መውሰድ ይቀላል። ገንዘቡ መንገድና ሐዲድ ከሆነ ደግሞ ምን ክፋት አለው? ብዙ ቅን ሰዎች በዚህ አምነው ሠርተዋል።

ግን ልብ በሉ። ከወጪው በላይ በጣም የተወደደ የስልክ ዋጋ፣ ሌላ ሻጭ በሌለበት ገበያ፣ ገቢው ለመንግሥት ሥራ የሚውል ከሆነ፣ ግብር ነው። ስሙ ታሪፍ ይባል እንጂ ግብር ነው። ግብር ሲጣል ደግሞ ምክር ቤት ይወያያል፣ አዋጅ ይወጣል፣ ማን ምን ያህል ይክፈል ይባላል። በዚህኛው ግን ማንም አልተጠየቀም። ልጇ ዓረብ አገር የሄደባት እናት ደወለልኝ አልደወለልኝ እያለች የምትሞላው ካርድና የሆቴል ባለቤቱ የሚሞላው ካርድ በደቂቃ እኩል ይቆረጥበታል። ድሃውን በአቅሙ የማይለይ ግብር ነበር።

ሳይሸጥ የወረደው ዋጋ

ነሐሴ 2010 ላይ አንድ ነገር ሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፉን ቀነሰ። የሞባይል ጥሪ 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ ወረደ። ያኔ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ከተሾሙ ገና መሰንበታቸው ነበር።

በዚያን ቀን ምን ተሸጦ ነበር? ምንም። አንድ አክሲዮን አልተሸጠም። ተወዳዳሪ አልገባም። ባለቤቱ ያው መንግሥት፣ ሠራተኛው ያው ሠራተኛ፣ አንቴናው ያው አንቴና። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ገበያው ሊከፈት እንደሆነ መታወቁ።

ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነው። ሁለቱንም ወገን ይጎረብጣልና። መንግሥት መሥራት አይችልም የሚለው ሰው ያው የመንግሥት ድርጅት ባንድ ጊዜ ዋጋውን በ40 በመቶ መቀነስ እንደቻለ ሊያስረዳ ይገባል። ዋጋው ለልማት ሲባል ነው የሚለው ደግሞ ከባድ ጥያቄ አለበት። ያ ዋጋ የግድ ካልነበረ ለምን ያን ያህል ዓመት ቆየ?

ከዚያ በኋላ የድርጅቱ ገቢ ወደቀ ወይ? አልወደቀም። በ2012 በጀት ዓመት ገቢው 47.7 ቢሊዮን ብር ደረሰ። በ2013 ወደ 56.5 ቢሊዮን፣ በ2014 ወደ 61.3 ቢሊዮን ሄደ። እርግጥ የብሩ የመግዛት አቅም ሲወርድ ስለነበር ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ቢሆንም ሰው ሲረክስለት ብዙ ደወለ፣ ብዙ ዳታ ተጠቀመ። ላሟ ስትታለብ የኖረችው ከሚገባው በላይ ብቻ አልነበረም፤ በማይረባ ዘዴም ነበር።

ጨረታው

በ2011 የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጣ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ። ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለሁለት አዲስ ፈቃዶች ፍላጎት ያላችሁ ኑ ሲባል 12 ተቋማት ስማቸውን አስገቡ። ጨረታው ሲከፈት ግን የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራ ጥምረት ነው። ሌላው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን። የቀሩት ለምን ቀሩ? አንዱ ምክንያት ጦርነቱ ነው። በጥቅምት 2013 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተጀምሯል። ሌላው ግን መንግሥት ራሱ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ነው። የውጭ ኩባንያ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት መስጠት አይችልም ተባለ። ማማ የሚያከራይ ገለልተኛ ኩባንያም መጠቀም አይቻልም። አዲሱ ኩባንያ ወይ ከኢትዮ ቴሌኮም ይከራያል፣ ወይ የራሱን ይገነባል።

እንዲያው አስቡት። በአፍሪካ የቴሌኮም ንግድ ውስጥ የሞባይል ገንዘብ ትልቁ ተስፋ ነው። ሳፋሪኮም ደግሞ ኤምፔሳን ይዞ ነው የታወቀው። በሩን ከፍተህ ዋናውን ዕቃ ውጭ አስቀምጠህ ግባ ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታው የጨረታውን ዋጋ እንደጎዳው ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በኋላ አምነዋል።

ግንቦት 14 ቀን 2013 ለሳፋሪኮም ጥምረት ፈቃድ እንደሚሰጥ ታወቀ። ዋጋው 850 ሚሊዮን ዶላር። ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን አቅርቦ ነበር፣ አነሰ ተብሎ ቀረ። ሁለተኛው ፈቃድ ሳይሸጥ ተቀመጠ። መንግሥት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኢንቨስትመንት ይመጣል ብሎ ተስፋ ሰጠ።

አሁን ደግሞ ይህ የግል የተባለው ኩባንያ የማን እንደሆነ እንይ። ከጥምረቱ ከግማሽ በላይ የያዘው ሳፋሪኮም ነው። በወቅቱ ከሳፋሪኮም 35 በመቶው የኬንያ መንግሥት ነበር። ሌላው ባለድርሻ ሲዲሲ ግሩፕ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም ነው። የጃፓኑ ሱሚቶሞና ቮዳኮምም አሉበት። በ2015 ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ገባ። እንግዲህ መንግሥት ይውጣ፣ የግሉ ይግባ ሲባል የገባው ኩባንያ ውስጥ ሌሎች መንግሥታት ነበሩ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ግን የመንግሥት ድርሻ ያለበት ኩባንያ ሁሉ አይሠራም የሚለውን አባባል ይጥላል። የኬንያ መንግሥት ባለድርሻ ሆኖ ሳለ ሳፋሪኮም አድጓል። ድርሻው መኖሩ አላገደውም። ዋናው ነገር የኬንያ ገበያ ውስጥ ኤርቴልም መኖሩ፣ ሳፋሪኮም ተወዳዳሪና ተቆጣጣሪ ያለበት ኩባንያ መሆኑ ነው።

ዜሮ ሰባት

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በድሬዳዋ ሙከራውን ጀመረ። ወደ ሐረርና ወደ ሌሎች ከተሞች ቀጠለ። መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ገባ። በ07 የሚጀምር ቁጥር ታየ። ሰዉ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ፈለገ። 09ኙ ለጥሪ፣ 07ቱ ለዳታ የሚል ክፍፍል በወጣቱ ዘንድ ተለመደ።

ኢትዮ ቴሌኮምም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። 4ጂን ከአዲስ አበባ ውጭ በስፋት መዘርጋት የጀመረው በ2013 ነው፣ ጨረታው በሚካሄድበት ዓመት። 5ጂን በሙከራ ያስተዋወቀው በግንቦት 2014 ነው፣ ሳፋሪኮም ሊጀምር ጥቂት ወራት ሲቀሩት። የፓኬጁ ዓይነት በዛ። ደንበኛ ማባበል ተጀመረ። ቴሌ ደንበኛ ያባብላል ብሎ ከሃያ ዓመት በፊት ቢነገረን ማን ያምን ነበር?

ከዚህ ጥቅም ያገኘው ሳፋሪኮምን የመረጠው ሰው ብቻ አይደለም። ብዙ ጥቅም ያገኘው 07 አይቶ የማያውቀው የ09 ደንበኛ ነው። የ2017 በጀት ዓመት ሲያልቅ ኢትዮ ቴሌኮም ወደ 83 ሚሊዮን ደንበኞች ነበሩት። ሳፋሪኮም ወደ 10 ሚሊዮን። አንድ ለስምንት ነው። በዚህ ልዩነትም ቢሆን ትልቁን ከእንቅልፉ ቀስቅሶታል።

የገጠሩ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። የልማታዊ መንግሥት ደጋፊዎች የፈሩት ነገር ከፊሉ እውነት ሆኗል። አዲሱ ኩባንያ በራሱም በኪራይም ከ3,000 በላይ የኔትወርክ ጣቢያዎች ይዞም በ2017 የሚደርሰው ለሕዝቡ ግማሽ ገደማ ነው። የሄደውም መጀመሪያ ወደ ከተማው ነው። ነጋዴ ነውና ደንበኛ ወዳለበት ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ብድሩና ዕቃው በዶላር፣ ገቢው በብር የሆነው ይህ ኩባንያ ኪሳራው ከበደበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንም የግል ባለሀብት ወደ ሩቅ ቀበሌ ማማ ለመትከል አይቸኩልም። በዚህ ላይ ገበያው ያስተካክለዋል የሚሉ ሰዎች ቢሳሳቱ የሚጎዳው ቀድሞም ኔትወርክ የሌለው ሰው ነው።

ነዳጅ ቀጂውና ቴሌብር

ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው። የሳፋሪኮም ጥምረት ማሸነፉ ከመታወቁ 11 ቀን በፊት። ኤምፔሳ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያገኘው በግንቦት 2015 ነው፣ ለብቻው 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ። ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነሐሴ። በስልክ ኩባንያዎች በኩል ሁለት ዓመት ሙሉ ሜዳው የቴሌብር ብቻ ነበር።

ይህም ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው ለተመረጡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲሆን ሲወሰን ክፍያው በቴሌብር እንዲያልፍ ተደረገ። በ2015 ሚያዝያ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረ። ሌሎች የክፍያ መንገዶች እየተጨመሩ ቢመጡም በመጀመሪያው ወቅት ማደያ የሄደ ሾፌር በአብዛኛው ወደ ቴሌብር ነበር የተገፋው። ታክሲ ነጂው ፈልጎ አልነበረም የተመዘገበው። ካልተመዘገበ አይቀዳም፣ ካልቀዳ አይበላም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ነዳጅ በምን ይከፈል የሚለውን የሚወስነው መንግሥት ነው። የሚከፈልበት መተግበሪያ ባለቤትም መንግሥት ነው። ለተወዳዳሪው መቼ ፈቃድ እንደሚሰጥ የሚወስነውም መንግሥት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ መንግሥት እየቀነሰ ነው። አዲስ ኩባንያ ገብቷል፣ ድርሻ ይሸጣል ይባላል። በተግባር ግን መንግሥት በሕግ አውጪነቱ የራሱን ድርጅት ደንበኛ እያበዛ ነበር።

ቴሌብር ለሕዝቡ አልጠቀመም አልልም። ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው፣ የባንክ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው ገንዘብ ይልክበታል። አንጀት የሚያርስ ነገር ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አገልግሎቱ በራሱ ጥሩ ከሆነ ሰውን በማደያ በር ማስገደድ ለምን አስፈለገ?

ያልተሸጠው አክሲዮን

ጥቅምት 6 ቀን 2017 የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ለሽያጭ ቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ በድምሩ 30 ቢሊዮን ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነው፣ 9,900 ብር። ትልቁ 3,333 አክሲዮን፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ብር ይጠጋል። ገደቡ ሀብታም ብቻውን እንዳይጠቀልለው ታስቦ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሽያጩ በቴሌብር መሆኑም ጠቅሟል። ባንክ ሄዶ ወረፋ መያዝ የለም።

ሽያጩ በታኅሣሥ መጨረሻ ሊያልቅ ታቅዶ ነበር። እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። ውጤቱ ሲነገር 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰብስቧል። ከቀረበው ውስጥ የተሸጠው 10.7 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ከጠቅላላው ድርጅት ሲሰላ ወደ አንድ በመቶ ይመጣል። የግንቦት 2010 ውሳኔ ከተላለፈ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል 99 በመቶው ያው የመንግሥት ነበር።

ይህንን ከኬንያ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በ2000 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮምን 25 በመቶ ሲሸጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ተሻሙ። ከቀረበው በላይ ስለተጠየቀ ለብዙዎች የፈለጉት ያህል አልደረሳቸውም። የእኛ ሕዝብ ቁጥር ከኬንያ በእጥፍ ይበልጣል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ገንዘብ የለም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ያን ሰሞን ኮንዶሚኒየም ቤት በሚሊዮኖች ይሸጥ ነበር። እርግጥ ሰዓቱ መጥፎ ነበር። ብሩ ከተለቀቀ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም፤ ኑሮ ተወዷል። ቁጠባ ያለው ሰው ቦታ፣ ቤት፣ መኪና ወይም ዶላር ነው የሚያስበው። አክሲዮኑን መልሶ የሚሸጥበት የታወቀ ገበያም ገና አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተመረቀው በጥር 2017 ነው።

እኔ ግን ሌላ ምክንያት ይታየኛል። ገዢው ሲገዛ ምን ሥልጣን ያገኛል? ሁሉም አክሲዮን ቢሸጥ እንኳ 90 በመቶው የመንግሥት ነው። ነገ ዋጋ ቀንስ ቢባል ይቀንሳል። ነገ ለሌላ ሥራ ገንዘብ አምጣ ቢባል ያመጣል። ኢንተርኔት ዝጋ ቢባል ይዘጋል። ትንሹ ባለድርሻ አይጠየቅም። ሰው ይህንን በአክሲዮን ሳይንስ አያውቀው ይሆናል፤ በኑሮ ግን ያውቀዋል። የውጭዎቹም እንደዚያው አሰቡ መሰለኝ። ለውጭ ባለሀብት የታሰበው ድርሻ መጀመሪያ 40፣ በኋላ 45 በመቶ ነበር። ፍላጎት ያሳየው የፈረንሳዩ ኦሬንጅ በ2016 ትቶ ሄደ።

ያልተነካው ሥልጣን

ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ያኔ አንድ ኩባንያ ብቻ ስለነበር ብዙዎቻችን ችግሩ የመንግሥት ሞኖፖሊ ነው ብለን ነበር። ሌላ ኩባንያ ቢኖር ኖሮ በዚያኛው እንገናኛለን አልን። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሳ ሌላ ኩባንያ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ 07ም 09ም አብረው ጠፉ።

ለምን ቢሉ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው። ትእዛዝ ሲመጣ የግል ኩባንያ እምቢ ብሎ የ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃዱን አደጋ ላይ አይጥልም። ልጁ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ጎንደሬ አባት ድምፅ ለመስማት እየጠበቀ የከረመው በየትኛው ኩባንያ ሲም እንደሆነ ለውጥ አላመጣም። ተማሪው ፈተናውን፣ ነጋዴው ሒሳቡን፣ ሐኪሙ መረጃውን አጣ። መንግሥትን እናሳንስ የሚለው ክርክር ባለቤትነት ላይ ብቻ ሲያተኩር ይህ ሥልጣን ማንም ሳይነካው ያልፋል። የሚመዘነው በአክሲዮን በመቶኛ ከሆነ የመዝጊያው ቁልፍ በምንም ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ምን ይደረግ?

ከእንግዲህ ስለ 45 በመቶው ጨረታ እንደገና ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ዶላር ያስፈልጋል፣ ዕዳ አለ። እኔ ግን ሽያጩ መጀመሪያ መምጣት የለበትም እላለሁ።

መጀመሪያ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ተጠሪነት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሂድ። የኢትዮ ቴሌኮም ባለቤት አስፈጻሚው አካል ነው፤ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል ድርሻውን ይዟል። ዳኝነቱንም ያው አስፈጻሚ ከያዘው ሳፋሪኮም በማማ ኪራይ ላይ ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይናገር? ሦስተኛ ኩባንያስ ምን ተማምኖ ይመጣል? ምክር ቤቱም ቢሆን ምን ያህል ነጻ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ቢያንስ ሪፖርቱ በአደባባይ ይቀርባል፣ ጥያቄው በቴሌቪዥን ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ማማውና ፋይበሩ ለሁሉም በአንድ ዋጋ የሚከራይ ይሁን። ኢትዮ ቴሌኮም ለራሱ የሚያስበው ዋጋና ለሌላው የሚያስከፍለው ዋጋ በግልጽ ይታተም። መሠረተ ልማቱን ነጥሎ በመንግሥት እጅ ማስቀመጥ ከተፈለገ አልቃወምም። እንዲያውም ገጠሩን ለመድረስ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። የገጠሩ ወጪ ደግሞ በታሪፍ ውስጥ ከሚደበቅ በበጀት ውስጥ ይጻፍ። መንግሥት ሩቅ ቀበሌ ማማ ለመትከል ይህን ያህል ብር አወጣለሁ ይበል፣ ምክር ቤት ያጽድቀው። እዚህ ላይ መንግሥት ቢተልቅ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው የመዝጋት ሥልጣን ነው። ኢንተርኔት የሚዘጋው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ለየትኛው አካባቢ፣ ለስንት ቀን፣ በምን ምክንያት የሚለው ትእዛዙ ላይ ይጻፍ። ቀኑ ሲያልፍ ካልታደሰ በራሱ ይከፈት። ኩባንያዎቹም ትእዛዙን በደረሳቸው ቀን ለደንበኞቻቸው የመናገር ግዴታ ይኑርባቸው። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። የውጭ ምንዛሪ አያስፈልገውም። አማካሪ ድርጅትም፣ ጨረታም አይጠይቅም። አዋጅ ቁጥር 1148ን የሚያሻሽል አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

እነዚህ ሦስቱ ከተሠሩ በኋላ 45 በመቶው ይሸጥ አይሸጥ ብለን ብንከራከር እኔም ቁጭ ብዬ እከራከራለሁ። ያኔ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል፣ መንግሥትም ዛሬ ከሚያገኘው የተሻለ ዋጋ ያገኛል። አክሲዮኑ ያለ እነዚህ ቢሸጥ ግን የሚለወጠው የትርፍ ክፍፍሉ ብቻ ነው።